የማስጠንቀቂያዎቹ ታሪክ፦ ለፕሮስቴት ዕጢ ማደግ የሚታዘዙ መድኃኒቶች የአወሳሰድ ደንቦች ከየት መጡ?



የዛሬው ንግግሬ ርእሰ ጉዳይ ከታሪክ ትምህርት ክፍል ይልቅ ለሐኪም ቤት የሚስማማ ሊመስል ይችላል። የፕሮስቴት ዕጢ ማደግ ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች በኀፍረት የሚሸከሙት፣ ከልጆቻቸው ቀርቶ ከባለቤታቸውም ጋር እምብዛም የማይነጋገሩበት ሕመም ነው። የሚታዘዝለትም መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በየቀኑ የሚዋጥ አንድ ክኒን ወይም አንድ ካፕሱል ነው። ታዲያ የታሪክ ሰው በዚህ ውስጥ ምን ይፈልጋል?

እኔ የምፈልገው ከመድኃኒቱ ጋር በካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ የሚመጣውን ወረቀት ነው። ያ ወረቀት በደቃቅ ፊደል፣ በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ ብዙ ትእዛዞችን ደርድሮ ይዟል፦ የመጀመሪያውን ክኒን ማታ በመኝታ ሰዓት ውሰድ፤ ከተኛህበት ቀስ ብለህ ተነሣ፤ የዓይን ቀዶ ሕክምና የሚደረግልህ ከሆነ ለሐኪሙ ንገር፤ የተሰበረውን ክኒን ነፍሰ ጡር ሴት አትንካው፤ ደም ከመለገስህ በፊት ይህን ያህል ወር ቆይ። ለአንባቢው እነዚህ ትእዛዞች እርስ በርስ የማይያያዙ፣ እንዲያውም አንዳንዶቹ እንግዳ የሆኑ ይመስላሉ። የእኔ መከራከሪያ ግን ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ ተጨምቆ የተጻፈ ታሪክ ነው። ከጀርባው ቦታ አለ፣ ዓመት አለ፣ በሰው ላይ የደረሰ ወይም እንዳይደርስ የተፈራ ነገር አለ። ምክንያቱን የተረዳ ሕመምተኛ ደንቡን ይጠብቃል፤ ደንቡ ብቻ የተነገረው ሕመምተኛ ግን ወረቀቱን ከካርቶኑ ጋር ይጥለዋል።

ሁለት ነገሮችን አስቀድሜ ላስገንዝብ። አንደኛ፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ እኔ የታሪክ ተመራማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የምናገረው ደንቦቹ ከየት እንደ መጡ ለማስረዳት እንጂ ማንም ሰው ከእኔ ንግግር ተነሥቶ መድኃኒት እንዲጀምር፣ እንዲያቋርጥ ወይም መጠኑን እንዲለውጥ አይደለም።

ከመድኃኒት በፊት የነበረው ዘመን

ፕሮስቴት በወንዶች ላይ ብቻ የሚገኝ፣ ከሽንት ፊኛ በታች ተቀምጦ የሽንት መውጫውን ቱቦ ዙሪያውን የከበበ ዕጢ ነው። በጎልማሳነት ክብደቱ 20 ግራም ያህል ነው። ከ40ዎቹ የዕድሜ ክልል በኋላ በብዙ ወንዶች ላይ ቀስ በቀስ ማደግ ይጀምራል፤ ከ80 ዓመት በላይ በሆኑት ዘንድ ደግሞ ያላደገበትን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ይህ እድገት ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርነትም አይለወጥም። ሆኖም ቱቦውን ሲያጠብ ሽንት ይቀጥናል፣ ለመጀመር ያስቸግራል፣ ሌሊት ደጋግሞ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይዘጋል። የሽንት መዘጋት በካቴተር ካልተለቀቀ ኩላሊትን የሚጎዳ፣ ሕይወትንም አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ነው።

ዕጢው ከወንድ የዘር ፍሬ ጋር የተቆራኘ መሆኑ የታወቀው ቀደም ብሎ ነው። እንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ሀንተር በ1786 ባሳተሙት ሥራ የተኮላሹ እንስሳት ፕሮስቴት ትንሽ ሆኖ እንደሚቀር ጽፈዋል። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የፊላዴልፊያው ዊልያም ኋይት ይህን ዕውቀት ወደ ሰው አሻገሩት። በ1895 ባወጡት ዘገባ ሽንት ስለ ተቸገሩ የዘር ፍሬያቸው የተወገደ የ111 ወንዶችን ውጤት አቀረቡ። በአብዛኞቹ ላይ ዕጢው እንደ ሟሸሸ ተናገሩ፤ ነገር ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሞቱት ጥቂት አልነበሩም፤ ለተረፉትም ዋጋው ከባድ ነበር። ሕክምናው ብዙም ሳይቆይ ተተወ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ለታማሚው የነበረው አማራጭ ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት፣ ከ1930ዎቹ ወዲህ ደግሞ በሽንት ቱቦ ውስጥ በሚገባ መሣሪያ እየላጉ መቀነስ ነበር።

ከዚህ ዘመን ሁለት ጥያቄዎች ተረፉ። የዘር ፍሬን ሳይነኩ ዕጢውን ማሳነስ ይቻላልን? ዕጢውን ሳያሳንሱስ ሽንቱን ማስለቀቅ ይቻላልን? ዛሬ የሚታዘዙት ሁለቱ ዋና ዋና የመድኃኒት ወገኖች ለእነዚህ ለሁለቱ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። የማስጠንቀቂያዎቹም ልዩነት ከዚሁ ይመነጫል።

ኢየሩሳሌም፦ የሚላላው ጡንቻ

ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያገኘው ቀድሞ ነው። በኢየሩሳሌም ሀዳሳ ሆስፒታል የሽንት አካላት ቀዶ ሐኪም የነበሩት ማርኮ ኬን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1975 ባሳተሙት ጥናት በቀዶ ሕክምና የወጣ የፕሮስቴት ሥጋ ጡንቻ እንዳለው፣ ጡንቻውም እንደ አድሬናሊን ላሉ ኬሚካሎች እየተኮማተረ መልስ እንደሚሰጥ አሳዩ። የዚህ ግኝት ፍሬ ነገር ቀላል ነው። ቱቦውን የሚያጠበው የዕጢው ግዝፈት ብቻ ሳይሆን የጡንቻው ጭብጥ ብሎ መያዝም ነው። እንግዲያው ኬሚካሉ የሚያርፍበትን በር፣ ሳይንሱ አልፋ ተቀባይ የሚለውን፣ መዝጋት ከተቻለ ጡንቻው ይላላል፤ ሽንትም ያልፋል። በ1976 ኬንና ባልደረቦቻቸው ፌኖክሲቤንዛሚን የተባለውን መድኃኒት ለታማሚዎች ሰጥተው ያገኙትን ውጤት አወጡ። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ነገር ግን ማዞርና ድካም ያስከትል ነበር። በኋላም በአይጦች ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ስለ ታወቀ ለዚህ ሕመም መታዘዙ ቀረ። ሐሳቡ ግን ተረፈ።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ እውነት እናገኛለን። ያ በር በፕሮስቴት ላይ ብቻ ያለ አይደለም፤ በደም ሥሮች ግድግዳም ላይ አለ። በዕጢው ላይ ሲዘጋ ሽንት ይለቀቃል፤ በደም ሥር ላይ ሲዘጋ የደም ግፊት ይወርዳል። ስለዚህም የአልፋ ከልካዮች ታሪክ ከደም ግፊት መድኃኒቶች ታሪክ ጋር አንድ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ፕራዞሲን የተባለው መድኃኒት ለደም ግፊት ገበያ ላይ ሲውል አንዳንድ ታማሚዎች የመጀመሪያውን ክኒን በዋጡ በሰዓታት ውስጥ ከመቀመጫቸው ሲነሡ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። በ1975 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ዘገባው ወጣ። ክስተቱ «የመጀመሪያ መጠን ውጤት» የሚል ስም ተሰጠው፤ ከእርሱም የደንብ ቤተሰብ ተወለደ፦ በትንሽ መጠን ጀምር፤ የመጀመሪያውን ማታ ስትተኛ ውሰድ፤ መጠኑን በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ጨምር፤ ሌሊት ስትነሣ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥ።

ቴራዞሲን በ1993፣ ዶክሳዞሲን በ1995 በአሜሪካ ለፕሮስቴት ዕጢ ማደግ ሲፈቀዱ ይህን ደንብ ወርሰው ነው የመጡት። ከደንቦቹ ሁሉ በብዛት የሚዘነጋው አንዱ ነው። መድኃኒቱን ለበርካታ ቀናት ያቋረጠ ሰው ቀድሞ ወደ ደረሰበት ከፍተኛ መጠን በቀጥታ መመለስ የለበትም። ሰውነቱ መድኃኒቱን ለምዶ የነበረው ልማድ ጠፍቷል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን እንደገና ይመጣል። ክኒኑ ያለቀበት፣ ለሐዘን ወይም ለሠርግ ወደ ገጠር ሄዶ ሳምንት የሰነበተ አባት ሲመለስ ያቋረጠውን መጠን በዋጠበት ሌሊት ወድቆ ዳሌውን ሊሰብር ይችላል። ከመቀጠሉ በፊት ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

በጃፓን የተሠራውና በ1997 በአሜሪካ የተፈቀደው ታምሱሎሲን ከደም ሥሮች ይልቅ ወደ ፕሮስቴቱ በር የሚያደላ በመሆኑ አደጋውን ቀንሶታል፤ አላጠፋውም። የእርሱ ደንብ ደግሞ ከማዕድ ጋር የተያያዘ ነው። ካፕሱሉ በየቀኑ ከአንድ ዓይነት ምግብ በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ሳይከፈትና ሳይታኘክ ይዋጣል። ምክንያቱም በባዶ ሆድ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ከፍ ይላል፤ ከፍ ባለ መጠንም የደም ግፊት የመውረድ ዕድሉ ይጨምራል። ደንቡ የተጻፈው ቁርስ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ለሚበላበት ኅብረተሰብ ነው። በእኛ አገር ግን በዐቢይ ጾም እስከ ቀትር በኋላ፣ በረመዳን እስከ ምሽት የሚጾም ሰው ቁርሱ ከቦታው ይነሣል። በጾም ወራት ቁርሱን እያስቀረ ካፕሱሉን በማለዳ የሚውጥ ሰው ደንቡን ሳያውቅ ይጥሳል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ከሐኪም ጋር ተማክሮ መድኃኒቱን በጾምም በፍስክም ከማይቀረው ከእራት ጋር ማያያዝ ይቻላል። ይሁንና ጥያቄው እንዲነሣ መጀመሪያ የደንቡ ምክንያት መታወቅ አለበት።

የኬን ግኝት ሌላም ነገር ያስረዳል። መድኃኒቱ በሩን የሚዘጋ ከሆነ በሩን የሚከፍት መድኃኒት ተቃራኒውን ያደርጋል ማለት ነው። ለጉንፋንና ለአፍንጫ መታፈን የሚወሰዱት፣ እንደ ፕሲዶኤፌድሪን ያለ ንጥረ ነገር የያዙት ክኒኖች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አንዳንድ የቆዩ የአለርጂ መድኃኒቶች ደግሞ የፊኛውን ጡንቻ ያዳክማሉ። ዕጢው ያደገበት ሰው «ለጉንፋን ብቻ» ብሎ ያለ ምክር የገዛው ክኒን ሽንቱን ሊዘጋበት ይችላል።

ሁለት ያልተጠበቁ ዜናዎች፦ ልብና ዓይን

አንድ መድኃኒት ግፊትንም ሽንትንም የሚረዳ ከሆነ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መምታት ይመስላል። በ1990ዎቹ ብዙ ሐኪሞች ግፊትም ፕሮስቴትም ላለበት ሰው ዶክሳዞሲንን ብቻ ማዘዝን በዚህ ምክንያት ይመርጡ ነበር። ኦልሃት በሚል ምኅጻር የሚታወቀውና ከ42,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ታላቁ የአሜሪካ የደም ግፊት ጥናት ይህን ተስፋ ፈተነው። በ2000 የዶክሳዞሲን ክፍል ከጊዜው ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ፤ ምክንያቱም ዶክሳዞሲን በተሰጣቸው ሰዎች ላይ የልብ ድካም ክሎርታሊዶን የተባለውን የቆየ መድኃኒት ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በእጥፍ ያህል በዝቶ ተገኘ። ከዚህ የተወለደው ደንብ ግልጽ ነው፦ ለፕሮስቴት የታዘዘ አልፋ ከልካይ የደም ግፊት መድኃኒትን አይተካም። «አሁን አንዱ ክኒን ለሁለቱም ይበቃኛል» ብሎ የግፊቱን መድኃኒት በራሱ ሥልጣን የተወ ሰው በዚህ ጥናት የተዘጋውን መንገድ እንደገና ይጀምራል።

ሁለተኛው ዜና የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው። በ2005 ዴቪድ ቻንግና ጆን ካምቤል የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ የዓይን ቀዶ ሐኪሞች በሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ጊዜ አንድ እንግዳ ነገር እንደሚታይ ዘገቡ። በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ የብሌኑን ስፋት የሚቆጣጠረው ባለ ቀለሙ የዓይን ክፍል ይልፈሰፈሳል፣ ይወዛወዛል፣ ብሌኑም በቀዶ ሕክምናው መካከል ይጠባል። ሐኪሞቹ የታማሚዎቹን መድኃኒት መርምረው ታምሱሎሲንን አገኙ። በዓይንም ውስጥ ብሌንን የሚያሰፋው ጡንቻ ያንኑ በር ይጠቀማልና። በዚያው ዓመት ማስጠንቀቂያው በመድኃኒቱ መግለጫ ውስጥ ገባ። ልብ በሉ፤ መድኃኒቱን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማቆም ችግሩን በእርግጠኝነት አያስቀርም፤ ካቆሙ ከረጅም ጊዜ በኋላም ታይቷል። የሚያድነው መናገር ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ የሚዘጋጅበት መንገድ አለው። የሞራ ግርዶሽና የፕሮስቴት ዕጢ ማደግ በአንድ የዕድሜ ክልል የሚገናኙ ሕመሞች ስለሆኑ ይህ ጉዳይ ለጥቂቶች ብቻ የሚነገር አይደለም። አንድ አባት ግን ለዓይን ሐኪም ስለ ሽንቱ መድኃኒት መንገር አግባብ ሆኖ አይታየውም። «ዓይኔን እንጂ ሌላውን ምን አመጣው?» ይላል። የሁለቱን ግንኙነት የሚያውቀው ታሪኩን የሰማ ብቻ ነው።

ላስ ሳሊናስ፦ የሚሟሽሸው ዕጢ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፦ የዘር ፍሬን ሳይነኩ ዕጢውን ማሳነስ። መልሱ የተገኘው በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ደቡብ ምዕራብ፣ ላስ ሳሊናስ በተባለች መንደር ነው። በዚያች መንደር በአንዳንድ ቤተሰቦች የሚወለዱ ሕፃናት ሴቶች መስለው ይወለዱና እንደ ሴት ልጅ ያድጉ ነበር፤ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ግን የወንድ አካል ይዳብርላቸዋል። የመንደሩ ሰዎች ለዚህ ክስተት የራሳቸው መጠሪያ ነበራቸው። አሜሪካዊቷ ሐኪም ጁሊያን ኢምፔራቶ ማክጊንሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1974 ባሳተሙት ጥናት ምክንያቱን ገለጡ። እነዚህ ሰዎች ቴስቶስትሮን ነበራቸው፤ የጎደላቸው ቴስቶስትሮንን ወደ ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን የሚለውጠው ኢንዛይም ነበር። በዚያው ዓመት በዳላስ ያሉ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ጉድለት ያለባቸውን ወንድማማቾች ገልጸዋል።

ለእኛ ጉዳይ ቁልፉ ይህ ነው። እነዚህ ሰዎች ካደጉ በኋላ ፕሮስቴታቸው ትንሽ ሆኖ ይቀር ነበር። ተፈጥሮ ሀንተርና ኋይት በቢላዋ ያደረጉትን ያለ ቢላዋ፣ ወንድነትንም ሳትነጥቅ አድርጋዋለች። የመርክ ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህን አንብበው ኢንዛይሙን የሚያግድ መድኃኒት ፍለጋ ጀመሩ። ፊናስተራይድ በ1992 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዱታስተራይድ በ2001 ተከተለ።

የነፍሰ ጡሯ ማስጠንቀቂያ ምንጭ እነሆ። ያ ኢንዛይም ወንድ ፅንስ በማሕፀን ውስጥ የወንድ አካል እንዲይዝ ያስፈልጋል። ላስ ሳሊናስ የመድኃኒቱን ጥቅም እንዳስተማረች ሁሉ አደጋውንም አስቀድማ አሳይታለች። ፊናስተራይድን የሚያግተው ሽፋን ሳይሰበር ስጋት የለም፤ የተሰበረ ወይም የተፈጨ ክኒን ግን ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት መንካት የለባትም። የዱታስተራይድ ካፕሱልም ካፈሰሰ እንዲሁ። በብዙ ቤታችን የአባትን መድኃኒት የምታቀርበው ልጅ ወይም ምራት ናት፤ ለመዋጥ እንዲቀል ክኒኑን የምትሰብረውም እርሷው ናት። ማስጠንቀቂያው መድረስ ያለበት ለእርሷ ነው፤ የሚጻፈው ግን ለእርሱ ነው። የደም ልገሳውም ደንብ ከዚህ ይመነጫል። የለገሰው ደም ለነፍሰ ጡር ሊሰጥ ይችላልና ፊናስተራይድ የሚወስድ ካቆመ በኋላ አንድ ወር፣ ዱታስተራይድ የሚወስድ ደግሞ ስድስት ወር ሳይሞላው ደም አይለግስም። ዱታስተራይድ በሰውነት ውስጥ ቀርቶ ለመጋመስ ብቻ አምስት ሳምንት ያህል ይፈጅበታልና።

የዚህ ወገን መድኃኒት ሌላው ባሕርይ ዝግታው ነው። በ1996 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች በ1,229 ወንዶች ላይ የተደረገ የአንድ ዓመት ጥናት ቴራዞሲን ምልክቶችን ሲያቀል ፊናስተራይድ ከማስመሰያ ክኒን ያልተሻለ ሆኖ አገኘው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1998፣ ዕጢያቸው በገዘፈ 3,040 ወንዶች ላይ ለአራት ዓመት የተደረገ ሌላ ጥናት ፊናስተራይድ ድንገተኛ የሽንት መዘጋትን በ57 በመቶ፣ ቀዶ ሕክምናን በ55 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ሁለቱ አይጋጩም። ጥቅሙ የሚታየው ዕጢው በእርግጥ ለገዘፈበትና ለታገሠ ሰው ነው። በ2003 ኤምቶፕስ የተባለው ጥናት 3,047 ወንዶችን በአማካይ ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትሎ የሕመሙን መባባስ ዶክሳዞሲን በ39፣ ፊናስተራይድ በ34፣ ሁለቱ በአንድነት ደግሞ በ66 በመቶ እንደሚቀንሱ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ለአንዳንዶች ሁለቱ አብረው ይታዘዛሉ። ፊናስተራይድን ለሁለት ወር ወስዶ «አልረዳኝም» ብሎ የሚተው ሰው እንግዲህ መድኃኒቱን ገና አልሞከረውም።

የተጋረደው ቁጥር

ከማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ ጠንካራውን አሁን እጠቅሳለሁ። ለፕሮስቴት ካንሰር ክትትል የሚለካ ፒኤስኤ የተባለ የደም ምርመራ አለ። ፊናስተራይድና ዱታስተራይድ ይህን ቁጥር በወራት ውስጥ በግማሽ ያህል ያወርዱታል። ስለዚህ መድኃኒቱን ስድስት ወር የወሰደ ሰው ውጤቱ 3 ቢሆን ሐኪሙ የሚያነበው እንደ 6 ነው። መድኃኒቱን መውሰዱን ያልተናገረ ሰው ውጤት ግን «መደበኛ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ካንሰሩም ካለ በመደበኛ ቁጥር ጥላ ሥር ተሸሽጎ ያድጋል። እየወሰደ ሳለም ቁጥሩ ከወረደበት ዝቅተኛ ደረጃ ከፍ ማለት ከጀመረ፣ መጠኑ ትንሽ ቢመስልም ምርመራ ይገባዋል።

በ2003 የወጣው 18,882 ወንዶች የተካተቱበት ጥናት ጉዳዩን ይበልጥ አወሳሰበው። ፊናስተራይድ የፕሮስቴት ካንሰርን በሩብ ያህል ቀነሰ፤ ነገር ግን ጠበኛ የሚባለው ዓይነት ማስመሰያ ክኒን በወሰዱት ዘንድ 5.1 በመቶ ሲሆን በፊናስተራይድ ወሳጆች ዘንድ 6.4 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በ2011 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህ በመግለጫው እንዲጻፍ አደረገ። በ2013 የወጣው የረጅም ጊዜ ክትትል በሁለቱ ቡድኖች የመኖር ዕድል ላይ ልዩነት አላገኘም። አንዱ ቁጥር ብቻ የተነገረው ሰው ይሸበራል፤ ሌላው ብቻ የተነገረው ይዘናጋል፤ ሙሉውን የሰማ ግን ከሐኪሙ ጋር መወሰን ይችላል።

ስለ ወሲባዊ ስሜት መቀዝቀዝ፣ ስለ ጡት መነፋትና ስለ ስሜት መውረድም ዝምታው ሊሰበር ይገባል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የደኅንነት ኮሚቴ በ2025 ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከፊናስተራይድ የጎንዮሽ ጉዳቶች አንዱ መሆኑን አረጋግጧል፤ አብዛኞቹ ዘገባዎች ለፀጉር መመለጥ በሚወሰደው አነስተኛ መጠን ላይ የመጡ ናቸው። በኀፍረት የሚደበቅ ምልክት መድኃኒትን በድብቅ ከማቋረጥ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። ሐኪሙ ከሰማው ግን የሚለውጠው ነገር አለ።

በ2011 ለዚህ ሕመም የተፈቀደውን ታዳላፊልን በአጭሩ ልጥቀስ። ይህ መድኃኒት ለልብ ሕመም ከሚታዘዙ ናይትሬት ከሚባሉ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ከምላስ ሥር ከሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ጋር ከተገናኘ የደም ግፊትን እስከ ሞት ሊጥል ይችላል። አልፉዞሲን የተባለው አልፋ ከልካይ በበኩሉ ሪቶናቪር ካለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር አይወሰድም። ሁለቱም ምሳሌዎች የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፦ ሐኪም የሚወሰደውን ሁሉ ማወቅ አለበት፤ የሚያሳፍረውን ጨምሮ።

ጥቁር እንጨትና እኛ

ይህ ታሪክ የውጭ አገር ብቻ አይደለም። በደጋማ ደኖቻችን የሚበቅለው ጥቁር እንጨት በሳይንሳዊ ስሙ ፕሩነስ አፍሪካና ይባላል። ዣክ ደባ የተባሉ ፈረንሳዊ በ1966 ከዚህ ዛፍ ቅርፊት የሚወጣውን ጭማቂ ለፕሮስቴት ሕመም ለመጠቀም የባለቤትነት መብት አስመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ዛፎች ቅርፊት ለአውሮፓ ገበያ ብዙ ተላጠ፤ ከ1995 ጀምሮም ንግዱ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገባ። ጭማቂው ምልክቶችን በመጠኑ እንደሚያቀል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ነገር ግን አጫጭር ናቸው፤ የሽንት መዘጋትን እንደሚከላከልም አላረጋገጡም። በጥናቶቹ የተለካው በፋብሪካ መጠኑ የተወሰነ ጭማቂ እንጂ በቤት የተቀቀለ ቅርፊት አለመሆኑንም አንርሳ። እኔ እዚህ ላይ ባህልን ከሳይንስ ጋር ላጣላ አልፈልግም። የሚያስፈልገው ግልጽነት ነው፤ ቅርፊቱን የሚጠጣ አባት ለሐኪሙ ይንገር፤ የታዘዘለትንም በእርሱ አይተካ።

መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንደሚገዛ፣ ጎረቤትን የረዳ ክኒን ለጎረቤት እንደሚካፈል፣ ከውጭ አገር የሚኖር ልጅም ለአባቱ ክኒን በሻንጣ እንደሚልክ ሁላችንም እናውቃለን። ሁሉም በፍቅር የሚደረግ ነው። ነገር ግን ክኒኑ ሲሻገር ታሪኩ አብሮት አይሻገርም። ወረቀቱ ይቀራል፤ ቢመጣም በባዕድ ቋንቋ ነው። በዚህ ሁኔታ የተሰጠ መድኃኒት ከማስጠንቀቂያው የተፋታ መድኃኒት ነው። የሽንት ችግር ሁሉ የዕጢ ማደግ አለመሆኑም አለ፤ ኢንፌክሽን፣ ስኳርና ካንሰርም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ያለ ምርመራ የተጀመረ ክኒን ሌላውን ሕመም ይሸፍናል።

ማጠቃለያ

የማስጠንቀቂያ ወረቀት ደራሲ የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ግን ደራሲዎቹ እነማን እንደሆኑ አሁን መናገር እንችላለን። ከአልጋቸው ሲነሡ የወደቁት የ1970ዎቹ የግፊት ታማሚዎች፣ ልባቸው የደከመው የኦልሃት ተሳታፊዎች፣ ዓይናቸው በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ የተቸገረው የካሊፎርኒያ ሰዎች፣ ለሳይንስ ራሳቸውን የገለጡት የላስ ሳሊናስ ቤተሰቦች ናቸው። የላስ ሳሊናስ ሰዎች ከሰጡት ዕውቀት በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች ተጠቅመዋል፤ ስማቸው ግን በወረቀቱ ላይ የለም። ደንቡን መጠበቅ ለእነርሱ ያለብንን ዕዳ ከምንከፍልባቸው መንገዶች አንዱ ነው።

ለፋርማሲና ለሕክምና ተማሪዎች አንድ ቃል አለኝ። ለታማሚ ደንብ ስትሰጡ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩለት። «ቀስ ብለው ይነሡ» ከማለት «መድኃኒቱ የደም ሥርንም ስለሚያላላ ቀስ ብለው ይነሡ» ማለት የሚወስደው ጊዜ ያው ነው። ለቋንቋና ለታሪክ ተማሪዎች ደግሞ ሥራ አለ፤ እነዚህን መግለጫዎች አባቶቻችን በሚረዱት አማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን ማቅረብ የአንድ ሙያ ብቻ ሥራ አይደለም። አባት ላላችሁ ሁሉ ደግሞ፦ ዛሬ ማታ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ስም በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከኪሱ አኑሩለት፤ የዓይንም፣ የልብም፣ የጥርስም ሐኪም ያንብበው። ሽንቱ ጨርሶ ከተዘጋ፣ ራሱን ከሳተ ወይም በሽንቱ ደም ካየ ለነገ ሳይባል ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።